«ሙሉ ወጪው ይሸፈናል» ማለት ከየትኛው ቀን ጀምሮ ነው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች።

ስለ ውጭ አገር የትምህርትና የምርምር ዕድል በየጊዜው ታወጣላችሁ። እዚህ ደብረ ብርሃን ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ወጣት መምህራን ማስታወቂያውን በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ሁሌም ይቀራል፣ ዛሬ ብዕር ያነሣሁትም ለእሱ ነው። ማስታወቂያው «ሙሉ ወጪው ይሸፈናል» ይላል። እውነት ነው፣ ይሸፈናል። የሚሸፈነው ግን እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ከዚህ እስከዚያ ያለውን ማን ይክፈለው?

በራሴ ልጀምር። የመንዝ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ አሁን በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ጀርመን አገር ለአንድ ዓመት የምርምር ፌሎሺፕ ማሸነፌን የሚገልጸው ኢሜይል የደረሰኝ በሰኔ 2016 ነው። ፕሮፖዛሌ ጓሳ ስለሚባለው የደጋ ሣር ነበር። የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያንን ሣር በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ለዓመታት ይዘጋዋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፍተዋል፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭደዋል። ልጅ ሆኜ አባቴን ተከትዬ ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ማመልከቻውን በማስገባበት ጊዜም በክልላችን የሞባይል ዳታ ተዘግቶ ስለነበር ሰነዶቼን በፍላሽ ይዤ፣ መንገዱ ክፍት የሆነበትን ቀን ጠብቄ፣ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዤ አዲስ አበባ ከአንድ ጓደኛዬ ቢሮ ነው የላክሁት።

ኢሜይሉ ሲመጣ የቆጠብኩት ገንዘብ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ከዚያ ሐምሌ 22 መጣ። የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። እኔ በብር ነው የቆጠብኩት፤ የሚጠበቅብኝ ክፍያ ግን በዶላርና በዩሮ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ሳልነካው ግማሽ ሆነ።

ወጪው በትንሽ በትንሹ ነው የሚመጣው፣ አንዱም ግን አይቀርም። የአይኤልትስ (የእንግሊዝኛ ችሎታ) ፈተና ክፍያው በቅድሚያ ነው። ትራንስክሪፕት፣ ማለትም የውጤት ዝርዝር፣ ለማውጣት ክሊራንስ፣ ማለትም ከዕዳ ነጻ መሆንን የሚያሳይ ወረቀት፣ ያስፈልጋል፤ ክሊራንስ ለመጨረስ የኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ መጋራት) ዕዳ መዘጋት አለበት፤ ከዚያ የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ። ለእያንዳንዱ አዲስ አበባ መሄድ፣ ማደር፣ አንድ ወረቀት ጎደለ ሲባል መመለስ። ቪዛው 75 ዩሮ ነው። ኢንሹራንስ አለ። የቤቱ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እዚያ አገር አከራይ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ኪራይ በዋስትና እንዲይዝ ሕጉ ይፈቅድለታል። የእኔ አከራይ ቪዛዬ ሳይመታ ቀብድ ጠየቀኝ፤ ባንኬ በበኩሉ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጥልኝ ቪዛና ቲኬት ሳሳይ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ያለው ሰው በአካባቢዬ አላገኘሁም። በመጨረሻ ውጭ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከኪሱ ከፈለልኝ። እሱ ባይኖርስ?

እናቴ ሰባት በጎች መሐል ሜዳ ገበያ አውጥታ ሸጠች። «በግ ይወለዳል ልጄ፣ ይሄ ቀን ግን አይመለስም» አለችኝ። ዕቁቤን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተራዬ በፊት ለምኜ ወሰድኩ። ደርሼ የመጀመሪያው ስታይፔንድ፣ ማለትም ወርኃዊ የመኖሪያ አበል፣ እጄ የገባው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ እስከዚያ የበላሁት ያንኑ የበግ ገንዘብ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገር ነው። በገብስ ዝርያዎች ላይ ነው የምትሠራው። ከእኔ አንድ ዓመት ቀድማ አሸንፋ ነበር። እናቷ ጠላ ሸጣ ብቻዋን ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ የሚሸጥ በግ የላትም፣ የሚያበድር ዘመድም የላትም። ጓደኞቿ አዋጣን፣ አልሞላም። መጀመር ያለባት ቀን አለፈና ዕድሉ ለተጠባባቂ ተሰጠ። ከተማው ውስጥ የተወራው «ቪዛ ተከለከለች» ተብሎ ነው። ማንም አልከለከላትም። የቪዛ ማመልከቻዋ ገና አልገባም ነበር። ይህች ልጅ በዕውቀቷ አሸንፋ በመነሻ ገንዘብ ቀረች፤ እኔ ይህንን ባሰብኩ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም።

መፍትሔ የለውም አይባልም። አስተማሪ ለትምህርት ውጭ ሲወጣ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ውል ይፈራረማል፣ ደመወዝተኛ ዋስ ያቀርባል። እኔን አጎቴ ናቸው የፈረሙልኝ። እንግዲህ ውሉ አለ፣ ዋሱ አለ፣ ከውጭ የመጣው የሽልማት ደብዳቤ አለ፣ ወርኃዊ ስታይፔንዱም ስንት እንደሆነ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ለብድር ከዚህ የበለጠ ምን ማስተማመኛ ይፈለጋል? ዩኒቨርሲቲዎቻችንና የመምህራን የብድርና ቁጠባ ማኅበሮቻችን ለዚህ ብቻ የሚውል ተዘዋዋሪ ገንዘብ ይመድቡ። ሄያጁ እዚያ ደርሶ ስታይፔንዱ ሲገባለት በየወሩ እየቆረጠ ይመልሳል፣ ገንዘቡም ለሚቀጥለው ይተላለፋል። ስጦታ አልጠየቅንም። ውጭ ያላችሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጆችም ለቤተ ክርስቲያንና ለትምህርት ቤት ስታዋጡ አይቻለሁ፤ ይህንንም አስቡበት።

ለሚያመለክቱ ልጆች ደግሞ ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ ካሸነፋችሁ በኋላ ለመጠየቅ አትፈሩ። እኔ ቲኬቱን ገዝቼ በኋላ እንዲመለስልኝ ነበር የተጻፈው። አቅሜን በግልጽ ጽፌ «እናንተው ግዙልኝ» ብዬ ለመንኩ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ገዝተው ላኩልኝ። ቀድሜ ባልጠይቅ ኖሮ የሚሸጡት የእናቴ በጎች በሰባት ብቻ አይቆሙም ነበር። ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም። እርግጥ ሁሉም ድርጅት እንዲህ አያደርግም፣ ደንቡን ቀድሞ ማንበብ ያሻል። ለምሳሌ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የማስተርስ ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ነው፤ ጉዞውም፣ ቪዛውም፣ መቋቋሚያውም ከዚያው ውስጥ ነው። ይህን ሳያውቁ ለየብቻ የሚከፈል መስሏቸው የሚዘናጉ አሉ።

ሁለተኛ፣ «ፕሮሰስ እናደርጋለን» ለሚሏችሁ ሰዎች አንድ ብር አትስጡ። የጀርመኖቹ ዳአድና ሁምቦልት፣ የአሜሪካው ፉልብራይት፣ የእንግሊዙ ቼቭኒንግ ለማመልከቻ ክፍያ አያስከፍሉም። አንዱ ደላላ ተማሪዬን «ጀርመን በዝግ ሂሳብ 11,904 ዩሮ ካላሳየህ አትገባም፣ እኛ እናሳይልሃለን» ብሎ ገንዘብ ሊቀበለው ነበር። ዩሮውን በ100 ብር ብቻ ብታስቡት እንኳ ከ1 ሚሊዮን 190 ሺህ ብር ያልፋል። ዝግ ሂሳብ ማለት ገንዘቡ ተይዞ በየወሩ በጥቂቱ ብቻ የሚወጣበት የባንክ ሂሳብ ነው። ያ ሕግ አለ፣ ግን በራሱ ወጪ ለሚማር ሰው ነው፤ በቂ ስታይፔንድ ያገኘ ሰው የሰጪው ድርጅት ደብዳቤ ይበቃዋል። ልጁ መጥቶ ስለጠየቀኝ ተረፈ። ያልጠየቁት ስንት ይሆኑ?

እናንተም አዘጋጆች፣ ማስታወቂያ ስታወጡ አንዲት መስመር ጨምሩልን፦ ከመነሳት በፊት የሚከፈለው ምን ምን ነው፣ በኋላስ የሚመለሰው የትኛው ነው። ያቺ መስመር ብትኖር አንድ ሰው ከዓመት በፊት መቆጠብ ይጀምራል።

እኔ ዓመቴን ጨርሼ ተመልሻለሁ፣ ሥራዬም ላይ ነኝ። ያቺ ባልደረባዬ ዘንድሮ እንደገና እያመለከተች ነው፤ ፕሮፖዛሏን ማታ ማታ አብረን እናየዋለን። አምስት ሆነን ዕቁብ ጀምረናል። የመጀመሪያው ዕጣ የእሷ እንዲሆን ተስማምተናል።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ