ውኃ መጣ ብለህ አታጠጣ ልጄ

ሰላም የኔ ጌታ እንዴት ሰነበትክ፣ እኛ ደህና ነን እህትህም እየበረታች ነው፣ ሕፃኑ እንደሆነ ጠብቶ መተኛት ነው ሥራው። ሞቱ ብለህ በቴሌግራም የላክልኝን የአበቦቹን ፎቶ አየሁት፣ ልደውል ብል ኔትወርኩ እየቆራረጠ አስቸገረኝ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ፣ ረዘመ ብለህ ግማሹን እንዳትዘል እሺ?

አበቦቹ አልሞቱም። አንተ "ውኃ በመጣ ቁጥር ሁሉንም አጠጣለሁ እንዳይጠማቸው" ብለሃል አይደል፣ ነገሩ እሱ ላይ ነው። የጎንደርን ውኃ መቼም አውቀዋለሁ፣ ሲመጣ ሰው ባልዲና ጀሪካን ይዞ ይሯሯጣል፣ ነገ ይጠፋል ብሎ ያገኘው ዕቃ ላይ ሁሉ ይሞላል፣ አበባ ግን ሮቶ አይደለም። ውኃው የሚመጣበት ቀንና እነሱ የሚጠማቸው ቀን አይገጥምም። ሥር አየር ይፈልጋል ልጄ፣ አፈሩ ሁልጊዜ ረጥቦ ከከረመ ይታፈንና ይበሰብሳል፣ የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ አንተ የጠማው መስሎህ ትጨምርለታለህ፣ ይብስበታል። በፎቶው ላይ ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ለስለስ ብለዋል፣ ያ የውኃ ብዛት ነው። ጥም ቢሆን ኖሮ ጫፉ ቡናማ ሆኖ ይደርቅ ነበር ስትነካው የሚንኮሻኮሽ።

እና ውኃ ሲመጣ ጀሪካን ሙላና አስቀምጥ። ከዛ በየጊዜው ጣትህን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ክተት፣ እርጥበት ካለው ተወው፣ ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ አጠጣና ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፋው። ደረቁና እርጡቡ እንዲለይህ የተተከሉበትን ጣሳ እያነሳህ ክብደቱንም ልመደው። አሁን ታኅሣሥ ነው ሌሊቱ ይበርዳል ብዙ አይጠጡም፣ ያ ቲቪው አጠገብ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ ሻጯ ሳንሲቬሪያ ያለችኝ፣ እሱማ ወር ሙሉ ብትረሳው ምንም አይልህም። ግን ግንዱ ሥር ለስልሶ እንደሆነ ጫን አድርገህ እየው፣ ከለሰለሰ ነቅለህ አውጣው፣ ሥሩ ነጣ ያለና ጠንካራ የሆነው ደህና ነው፣ የጠቆረውን የሚሸተውንና የሚሟሟውን መቀሱን በአልኮል ጠርገህ ቁረጠው፣ ከዛ ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አስተኛውና በአዲስ አፈር ትከለው። አዲስ ተክል ማውጣት ካማረህ ከነሥሩ ክፈለው፣ ቅጠሉን ቆርጠህ ብትተክልም ይበቅላል ግን ያ ዳር ዳሩ ላይ ያለው ቢጫ መስመር ይጠፋና ሙሉ አረንጓዴ ይሆንብሃል፣ እኔ ደግሞ የገዛሁት ለመስመሩ ነው።

አፈር ካልን አደራ ዋልካ እንዳታመጣ። ዋልካ ሲረጥብ እንደ ሙጫ ነው ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና ሥር ይበጥሳል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅል፣ አሸዋውን ጎረቤት ቤት እየሠሩ አይደል፣ አንድ ጣሳ ለምናቸው። የዘይት ጣሳውን ከሥር ካልበሳኸው ዋጋ የለውም፣ በሚስማርና በመዶሻ ብሳው። አጎትህ ከደምቢያ ሲመጣ ዩሪያ ጣል አድርግበት ማለቱ አይቀርም፣ እሺ በለውና አታድርገው፣ ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው ለማሳ የተሠራ፣ የታመመ ሥር ላይ ከጨመርክበት ያቃጥለዋል። አዲስ ቅጠል እስኪያወጡ ምንም ማዳበሪያ የለም፣ የቡና አተላም ቢሆን።

የሚንጠለጠለው ሐረግ በጣም ተጎድቷል፣ እሱን ለማዳን ከመልፋት ደህና የሆነውን ጫፍ ከአንጓው ዝቅ አድርገህ ቁረጥና ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ክተተው፣ አንጓው ውኃው ውስጥ ይግባ ቅጠሉ ግን አይንካው፣ ውኃውን በየሳምንቱ ቀይረው ሥር ያወጣል። ቦታውን ደግሞ ከመስኮቱ ራቅ አድርገው፣ በዚህ ወር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለሚያዘነብል በሳሎኑ መስኮት ቀጥታ ነው የሚገባው ቅጠሉን ያቃጥለዋል፣ በሰኔ ነው እዛ ምንም ፀሐይ የማይኖረው ያኔ ታስጠጋዋለህ። ጤና አዳሙን ማን ወደ ቤት አስገባው? አውጣው በረንዳ ላይ፣ እሱ ፀሐይ ነው የሚፈልገው፣ ቡናዬን ያለሱ አልጠጣም ታውቃለህ። ግንዱ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካየህ ተባይ ነው፣ ጥጥ በአልኮል ነክረህ ጥረግለት። አፈሩ ላይ የሚበሩት ትንንሽ ዝንቦች ላይኛው አፈር ሲደርቅ ራሳቸው ይጠፋሉ መድኃኒት እንዳትገዛ።

ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን እንዳትሠራው፣ መጀመሪያ ውኃውን አቁም፣ ከሥር የለሰለሰውን ብቻ ንቀል፣ ሌላውን ተወው። ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም እሱን እያየህ አትጨነቅ፣ የምትጠብቀው ከመሀል የሚወጣውን አዲሱን ነው።

የሕፃኑ 40 ቀን ሞልቶ ክርስትናው እንዳለቀ ለጥምቀት እደርሳለሁ። እስከዛ ሥሩን ስታወጣው ከመቁረጥህ በፊት ፎቶ ላክልኝ፣ ግን ማታ በፍላሽ አታንሳው ቢጫውና አረንጓዴው አይለይልኝም፣ ጠዋት በረንዳ ላይ አውጥተህ አንሳው።

እናትህ