ሥራ አልናቅንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሥራ አጥ ምሩቃን ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለቴ አነበብኩት። አንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ ደሜ ፈላ። «ዲግሪ ያላቸው ወጣቶች ዝቅ ያለ ሥራ ስለሚንቁ ቤት ይቀመጣሉ» ትላለች። ማን ነገራችሁ? ቀጣሪ አናግራችኋል፣ ባለሙያ አናግራችኋል። ሥራ ፈላጊ ግን አንድም የለበትም።

በ2010 ዓ.ም. በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ሳይት ላይ ትንሽ እንደሠራሁ ፕሮጀክቱ ቆመ። አምና አንድ ድርጅት 12ኛ ክፍል የጨረሰ ስቶር ኪፐር ሲፈልግ አመለከትኩ። ተቀባይዋ ወረቀቶቼን ስታገላብጥ ቆይታ ዲግሪው ጋ ስትደርስ ቆመች። ኮፒውን ከሌሎቹ ለይታ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። «እህቴ፣ ኦቨርኳሊፋይድ ነሽ። የተሻለ ስታገኚ ጥለሽን ትሄጃለሽ» አለችኝ።

ጓደኞቼ «ዲግሪሽን ደብቂው» አሉኝ። ሌላ ቦታ የ12ኛ ክፍል ማስረጃዬን ብቻ አስገባሁና ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። «ከ12ኛ በኋላ ይሄን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» አሉኝ። ምን ልበል? «ቤት ነበርኩ» አልኩ። እናቴ እንጀራ እየሸጠች ያስተማረችኝን 5 ዓመት፣ እንቅልፍ አጥቼ ያለፍኩትን 5 ዓመት፣ በአፌ ሰረዝኩት። ሥራውንም አላገኘሁም። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ግን ሥራው ሳይሆን ያቺ መልሴ ናት።

የቀጣሪዎቹ ስጋት ይገባኛል። አሠልጥነውት በሁለት ወሩ የሚሄድ ሰው ያከስራቸዋል። ግን በሩን የዘጉት እነሱ ሆነው ሳለ እኛ ሥራ ናቅን ይባላል? በዚሁ ከተማ ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን የጠረቡ ልጆችን ረሳችኋቸው? ምህንድስናውስ ቢሆን፣ 70 በመቶው ተማሪ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ ተብሎ በተመደበበት ዘመን የገባን ነን። ተማሩ ስንባል ተማርን፣ ዛሬ ደግሞ ብዙ ተማራችሁ ተብለን እንመለሳለን።

ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሟት። ለእርማቱ ማስረጃ ካስፈለጋችሁ ጋዜጠኛችሁን ጠዋት አራት ኪሎ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ጋ ላኩት። እዚያ የቆመውን ሰው «ዲግሪ አለህ? ምን ሥራ ነው የምትፈልገው?» ብሎ ይጠይቅ። እኔም እዚያው ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከኮተቤ