የታሪክና የቅርስ ክበብ ዘገባ፦ ዋንጫው እዚህ እንዴት ደረሰ?

በ2018 ዓ.ም. የታሪክና የቅርስ ክበባችን አሥራ ሰባት አባላት ነበሩት። ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትልቋ አሥራ አምስት ሞልቷታል። ሁሉም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ፣ ሌሎች ልጆች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ አንድ ሰዓት ቆይተው ይሠራሉ። ለትጋታቸው ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናቸዋለሁ።

በጥቅምት ወር ዕቅድ ስናወጣ እኔ ያሰብኩት ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ እንድናጠና ነበር። ልጆቹ ግን ቆመው በዓይናቸው የሚያዩትን ነገር ፈለጉ። ዘጠኙ በመደበኛ ትምህርት ቤታቸው ራግቢ ይጫወታሉ። የእንግሊዝ ራግቢ መናገሻ የሆነው የትዊከንሃም ስታዲየም ደግሞ እዚሁ ምዕራብ ለንደን ውስጥ፣ በአውቶቡስ የምንደርስበት ቦታ ነው። በስታዲየሙ ውስጥ የዓለም ራግቢ ሙዚየም እንዳለ የነገረችን አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስለዚህ አክሱም ለከርሞ ተላለፈች፤ ራግቢ ተመረጠ።

ከመሄዳችን በፊት አንድ ደንብ አወጣን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዕቃ ይመርጣል፤ ስለ መረጠው ዕቃም ሦስት ነገር ይጠይቃል። ማን ሠራው? ማን ተጠቀመበት? እዚህ እንዴት ደረሰ? ሦስተኛው ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ እንደማይለቀን ያን ጊዜ አልገመትኩም።

ኅዳር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከአራት ወላጆች ጋር ሄድን። በትንንሾቹ ዘንድ ግርግር ያስነሣው የጥንቱ ኳስ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራግቢ በምትባለው ከተማ፣ ጨዋታው ስሙን ባገኘበት ትምህርት ቤት አጠገብ የሚሠሩ ጫማ ሰፊዎች ኳሱን ከቆዳ ይሰፉት ነበር። ውስጡ የሚገባው የአሳማ ፊኛ ነው። «የአሳማ!» ብለው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፈጉ አልጠፉም። አማርኛችን ለሆድ ዕቃውም ለሚነፋው መጫወቻም ፊኛ የሚል አንድ ቃል የያዘበት ምክንያት ያን ዕለት ሳላስረዳቸው ገባቸው። የኳሱ ቅርጽ ክብ ያልሆነውም ፊኛው ራሱ ክብ ስላልነበረ ነው።

ከእነዚያ ጫማ ሰፊዎች አንዱ ሪቻርድ ሊንደን ይባላል። ፊኛዎቹን በአፏ የምትነፋለት ሚስቱ ነበረች። ከታመሙ አሳማዎች የመጡትን ጭምር ስትነፋ ሳንባዋ ታሞ እንደ ሞተች ይነገራል። ሊንደን በ1862 እ.ኤ.አ. ገደማ ፊኛውን በጎማ ተካው፤ ለመንፊያውም ከናስ የተሠራ ፓምፕ አበጀለት። አንዲት የአሥር ዓመት አባላችን በደብተሯ ላይ «ኳሱን የሰፋው ስሙ በኳሱ ታሪክ አለ፤ የነፋችው የት አለች?» ብላ ጻፈች። ዘንድሮ በተማሪ እጅ ከተጻፉ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ የለም።

ማሊያዎቹን በችኮላ ነው ያየናቸው። የመጀመሪያው የአገሮች ግጥሚያ በመጋቢት 1871 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ላይ በስኮትላንድና በእንግሊዝ መካከል ተካሄደ። በየወገኑ ሃያ ሃያ ሰው ተሰለፈ፤ ስኮትላንድ አሸነፈች። ዘርፍ የተንጠለጠለባቸውን የከፋይ ቆቦች ሲያዩ ግን ተጫዋቾቹ ልጆች ቆሙ። ዛሬ ስለ አንድ ተጫዋች «ሃምሳ ካፕ አለው» ሲባል የሚቆጠረው ግጥሚያ ነው፤ ቃሉ የመጣው ግን ለአገሩ ለተሰለፈ ሰው ይሰጥ ከነበረው ከዚህ ቆብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ተሰልፈው ከነበሩት መካከል 27ቱ መሞታቸውን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

ብዙውን ጊዜያችንን የወሰደው እንግሊዝና ስኮትላንድ የሚጫወቱበት የካልካታ ዋንጫ ነው። አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት አለው። ሦስት እባቦች እጀታ ሆነውታል፤ በክዳኑ ላይ ዝሆን ቆሟል። እባብና ዝሆን የእንግሊዝና የስኮትላንድ ግጥሚያ ላይ ምን ይሠራሉ? መልሱ ከሕንድ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1872 በፈረንጆቹ የገና ዕለት በካልካታ የሚኖሩ እንግሊዛውያን ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድና ከዌልስ ከመጡ ሰዎች ጋር ራግቢ ተጫወቱ። ይህን ስናነብ አብረውን የመጡ አንድ አባት «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉና፣ እዚያው ዋንጫው ፊት ቆመው በልጅነታቸው ዱላ ይዘው ሩር እንዴት እንዳሳደዱ ለልጆቹ ተረኩላቸው። ገናን በሜዳ ላይ የሚያሳልፍ ሌላም ሕዝብ እንደነበረ ማወቃቸው እሳቸውንም ልጆቹንም እኩል አስደሰተ።

በካልካታ ወዲያው ክለብ ተቋቋመ፤ ግን አልሰነበተም። ሙቀቱ ለራግቢ አይመችም፤ በነጻ ይቀዳ የነበረው መጠጥም ሲቋረጥ አባላቱ እየራቁ፣ ወደ ፖሎና ወደ ሌላ ጨዋታ እየሄዱ ተበተኑ። የቀሩት በባንክ የነበረውን የክለቡን ገንዘብ በብር ሩፒ አወጡ። ሳንቲሞቹን አቅልጠው ዋንጫ አሠሩና በ1878 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ራግቢ ማኅበር ሰጡ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ አገሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወቱበት፤ እኩል ለእኩል ወጡ።

ዋንጫው ዛሬ ከቦታው አይነቃነቅም። በ1988 እ.ኤ.አ. ከግጥሚያው በኋላ ማታ ተጫዋቾች ወደ ኤድንብራ መንገድ ይዘውት ወጥተው ክፉኛ ቀጠቀጡት። ቢጠገንም የብዙ ዓመት እንግልት አድክሞታል፤ ለአሸናፊዎች የሚሰጠው አምሳያው ነው። የመቀመጫው ሰሌዳዎችም ሌላ ነገር አስተማሩን። ዋንጫው ከ1879 በፊት ለግጥሚያ አልቀረበም፤ ሰሌዳዎቹ ግን ውጤት የሚቆጥሩት ከ1871 ጀምሮ ነው። በብረት ላይ ተቀርጾ እንኳ ጽሑፍ ሊያሳስት እንደሚችል ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መማሪያ አላገኝም።

ከዚያ ሦስተኛው ጥያቄ መጣ። አንድ ልጅ «ሩፒው የማን ነበር?» አለ። የክለቡ አባላት ያዋጡት ገንዘብ እንደነበረ ነገርኩት። ትልቋ አባላችን ቀበል አድርጋ «ሕንድስ ያን ጊዜ በማን እጅ ነበረች?» ብላ ጠየቀች። ውይይቱ በሁለት ቅዳሜ አላለቀም። መጨረሻ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ሌላውን ዕቃ አነሡ፤ የመቅደላውን የወርቅ ዘውድ። ዘውዱ እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የዘረፈው ነው፤ ዛሬም እዚሁ ለንደን፣ በቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ከዋንጫው መሠራት በፊት ያለው ርቀት አሥር ዓመት ብቻ ነው። ሁለቱም ከሩቅ አገር መጥተው በአንድ ከተማ፣ በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። አንደኛውን ግን ባለቤቶቹ ወደው ሰጥተውታል፤ ሁለተኛው ከተሸነፈ ንጉሥ አምባ በጦር ኃይል ተወስዷል። ለእኔ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰማይና ምድር ነው፤ ዘውዱ ወደ አገሩ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ለልጆቹ አልደበቅሁም። ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላቸውም ምክንያታቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ አድርጌ ነበር፤ ሁለቱ በሚገባ ጽፈዋል።

በየካቲት ስለ ጀምስ ፒተርስ አነበብን። ለእንግሊዝ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሲሆን፣ ዘመኑ 1906 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ዓመት የመጣው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ከእርሱ ጋር መጫወት እንደማይፈልግ አሳወቀ፤ እንግሊዝም ከደቡብ አፍሪካ ጋር ስትገጥም ፒተርስን አላሰለፈችም። ከእርሱ በኋላ ሌላ ጥቁር ተጫዋች የእንግሊዝን ማሊያ ለመልበስ እስከ 1988 ተጠበቀ። ራግቢ ከሚጫወቱት ልጆቻችን አንዱ ስለ ፒተርስ በአማርኛ ሁለት ገጽ ጻፈ፤ ከዚያ በፊት ከአምስት መስመር በላይ ጽፎ አያውቅም ነበር።

ግንቦት ላይ በራሳችን ክፍል ዐውደ ርእይ አዘጋጀን። ከየቤቱ የመጣው ዕቃ ከጠበቅነው በላይ ነበር። ጠርዙ የተቃጠለ ሞሰብ፣ በሱዳን በኩል የመጣ አባት የያዘው ትንሽ ሬዲዮ፣ የአያት መቁጠሪያ፣ ከአሮጌ ካልሲ የተሰፋ ኳስ። እያንዳንዱ ዕቃ ሦስቱ ጥያቄዎች የተመለሱበት ወረቀት በአማርኛ ተጽፎለታል። የሬዲዮው ባለቤት ወረቀቱን ሲያነቡ ልጃቸው ያን ሁሉ እንደሚያውቅ አለማወቃቸውን ነገሩኝ፤ ከዚያ ወንበር ስበው ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ዕቃዎቹን የምናስቀምጥበት ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን ግን የለንም፤ ሊሰጠን የሚችል ወላጅ ካለ ክበቡ በደስታ ይቀበላል።

መጨረሻ የደረሰን ዕቃ የአንገት ልብስ ነው። ያመጣችው ስለ ሙዚየሙ መጀመሪያ የነገረችን ተማሪ ናት። የሴቶች የራግቢ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ በትዊከንሃም ሲካሄድ ከመደበኛ ትምህርት ቤቷ ጋር ገብታ ነበር። የወረቀቷን ጽሑፍ እንዳለ እዚህ አስፍሬዋለሁ፦

«የአንገት ልብስ። የሠራው ፋብሪካ ነው፤ ስሙ ተነቅሏል። የለበስኩት እኔ ነኝ፤ መስከረም 17 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት። እንግሊዝ ካናዳን 33 ለ13 አሸነፈች። 81,885 ሰው ነበር። እናቴ ደመራ ማግሥት ከቤት መውጣቴን አልወደደችውም፤ ማታ ስመለስ ግን ምሳዬን አስቀምጣልኝ ነበር። እዚህ የደረሰው እኔ ስለ ሰጠሁ ነው።»