ተከራይ ነኝ፤ የኪራይ ቁጥጥሩን ግን አልደግፍም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሰሞን ጋዜጣችሁ ላይ የቤት ኪራይ ቁጥጥሩ ይበልጥ ይጥበቅ የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ለተከራይ አዝኖ ነው የጻፈው፣ ያስታውቃል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ተከራይቼ ኖሬአለሁ። አምስት ጊዜ ጓዜን ጠቅልዬ ሰፈር ቀይሬአለሁ። ስለ ኪራይ መክበድ ለእኔ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የጻፍኩላችሁ ግን መድኃኒት ተብሎ የቀረበው ነገር በሽታውን የሚያብስ ስለመሰለኝ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም መንግሥት በሚወስነው ልክ። ሲወጣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቤት ውስጥ ላለሁት ለእኔ ጥሩ ነው እንበል። ገና ቤት የምትፈልገዋስ? ከደሴ ወይም ከሆሳዕና ሥራ አግኝታ ነገ የምትመጣዋን ልጅ ማንም አያስታውሳትም፣ ምክንያቱም ገና ውል የላትም።

አከራዬ ጡረተኛ ናቸው። ግቢው ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ክፍል አለቻቸው፤ ድሮ ለተማሪዎች ለጥቂት ወራት ያከራዩዋት ነበር። አሁን ባዶዋን ተቀምጣለች፣ ከሰልና አሮጌ ፍራሽ ተከማችቶባታል። ለምን እንደማያከራዩ ስጠይቃቸው «የማላውቀውን ሰው ለሁለት ዓመት አስገብቼ፣ ባይከፍለኝ ማን ያስወጣልኛል?» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ፈርተው ነው። እዚያች ክፍል ውስጥ ልትኖር ትችል የነበረችው ልጅ በየትኛውም ሪፖርት ላይ አትቆጠርም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፦ የተጠቀመው ሰው ይታያል፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ ያመሰግናል፤ የተጎዳው ግን ምን እንደቀረበት እንኳ አያውቅም።

ሌላም አለ። ዘንድሮ ቤት ስፈልግ አንድ ደላላ በወረቀት የሚሰፍረው ዋጋ ሌላ፣ በእጅ የሚከፈለው ሌላ እንደሆነ በግልጽ ነገረኝ። ተውኩት። ሌላ አማራጭ የሌለው ግን ይቀበለዋል፤ በእጅ የሰጠውን ገንዘብ ደግሞ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊጠይቅበት አይችልም። ሕጉ ሊጠብቀው የፈለገው ተከራይ ከሕጉ ውጭ ወጣ ማለት ነው።

ይኼን ነገር ደግሞ አገራችን ሞክራዋለች። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተሰጠ። ኪራይ በአዋጅ ተቀነሰ፣ የግል ቤት ማከራየት ተከለከለ። ያደግኩት በቀበሌ ቤት ነው። የምንከፍለው ለአንድ ኪሎ ስኳር እንኳ የማይበቃ ነበር። ክረምት ሲገባ እናቴ በየጥጉ ሳፋ ትደቅናለች፣ ሌሊቱን የጣራውን ጠብታ ስንሰማ እናድራለን። ለማደስ ፈቃድ ብንጠይቅ አይሰጠንም። ቀበሌውም አያድሰውም፣ በዚያ ኪራይ በምን ገንዘቡ? ማከራየት ክልክል ስለነበር ደግሞ ቤት የሌለው ሰው በደባልነት ስም ይገባ ነበር። የሰው ፍላጎት በአዋጅ አይጠፋም፣ ይደበቃል እንጂ።

እህሉስ ቢሆን? በደርግ ጊዜ እህል ይገዛ የነበረው የመንግሥት የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ኮታ ይጥልበት ነበር፣ ዋጋው ከገበያ በታች። ነጋዴው እህል ከትርፍ አምራች አካባቢ እጥረት ወዳለበት እንዳያሻግር በየመንገዱ ኬላ ቆሞ ነበር። ኮታው ያልሞላለት ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክብ እንደነበር ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ለድሃው ተብሎ የወጣ ተመን ድሃውን ገበሬ አከሰረው። ይህን አሠራር በ1982 ዓ.ም. የተወው ራሱ የኮሎኔል መንግሥቱ መንግሥት ነው፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ዋጋ እኮ ወሬ ነጋሪ ነው። ኪራይ ሲወደድ «ቤት አንሷል፣ ሥሩ» እያለ ነው። ወሬውን አፍነን ቤቱ አይበዛም። ታዲያ ቤት ለምን አነሰ? መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም አይለወጥም፤ ከተማ ውስጥ ለቤት መሥሪያ የሚያቀርበው መንግሥት ብቻ ነው፣ በሊዝ፣ በሚፈልገው ጊዜና መጠን። ብቸኛው አቅራቢ ቁጥብ ሲሆን ዋጋው ጣራ ይነካል። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገቡ ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቀዋል፣ በመሃል ልጆቻቸው አደጉ። እነዚያ ሰዎች እየቆጠቡ ነበር፣ ገንዘብ ነበራቸው፣ መሥራትም ይችሉ ነበር። ያጡት ቦታና ፈቃድ ነው። ስግብግብ አከራይ የለም አላልኩም፣ አንዱ ጋ ኖሬአለሁ። ግን ስግብግብነት ዘንድሮ የተፈጠረ ነገር አይደለም፣ የኪራዩን መናር እሱ ብቻውን አያስረዳውም። ስግብግቡን የሚያስተነፍሰው ጎረቤቱ ሦስት ክፍል ሠርቶ ሲያከራይ ነው።

«አቅም የሌለውስ ሜዳ ላይ ይደር?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አይደር። ድሃን መርዳት የሁላችንም ዕዳ ከሆነ ሁላችንም ከኪሳችን እናዋጣ፣ በቀጥታ ለሚቸገረው ይሰጥ፣ ስንት እንደወጣም ይታወቅ። ዕዳውን ሰብስቦ አንዲት ክፍል ባላቸው ጡረተኛ ላይ መጫን ግን ለእኔ ደግነት አይመስለኝም። ደግሞስ ሁለት አዋቂ ሰዎች ተስማምተው ለስድስት ወር ቢዋዋሉ ማንን ጎዱ? እኔ መኖሪያዬን፣ እሳቸው ቤታቸውን በተመለከተ ከሦስተኛ ሰው የተሻለ እናውቃለን። መንግሥት ውሉን ያስከብርልን፣ ሲፈርስ ፍርድ ቤት በሳምንታት ይዳኘን፣ በዓመታት አይሁን።

ጋዜጣችሁን አንድ ነገር ልለምን። አንድ ዘጋቢ መድቡልንና፣ ካርታ ያለው ተራ ሰው ግቢው ውስጥ ሁለት የሚከራይ ክፍል ለመሥራት ቢነሳ ስንት ቢሮ እንደሚያዳርስ፣ ስንት ፊርማ እንደሚያስፈልገው፣ ስንት ወር እንደሚፈጅበት ከመነሻው እስከ መጨረሻው አብሮት ተከታትሎ ይጻፍልን። አከራዬ ፈቃደኛ ናቸው፣ ጠይቄአቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተከራይ፣ ከአዲስ አበባ