ስሙ ሲጠራ ወደ ፊት ያልተራመደው

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልህ የቀረሁት ከቂም ሳይሆን ከእፍረት የተነሣ ነው፤ ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ደግሞ ልጆች ሳለን ፎቶግራፉን ከጋዜጣ ቀደን ግድግዳ ላይ የለጠፍነው ቦክሰኛው መሐመድ ዓሊ ነው።

እዚህ አሜሪካ በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሦስት የቬትናም ዘማቾች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ጥቁር ሽማግሌ ነው፤ ጎንበስ ማለት ስለማይችል ጧት ጧት ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ። ኤፕሪል 28 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ዓሊ ሂዩስተን ላይ ለውትድርና ምልመላ ቀርቦ በቀድሞ ስሙ «ካሲየስ ክሌይ» ተብሎ ሲጠራ፣ ወደ ፊት መራመድ ውትድርናውን መቀበል ነበርና አንድ እርምጃ አልራመድም ባለ ጊዜ፣ ይህ ሰው ቬትናም ውስጥ ነበርና ወሬውን እንደ ሰማ በኪሱ ይዞት የነበረውን የዓሊን ፎቶ ጭቃ ላይ ጥሎ ረገጠው። እንዲህ የተሰማው እርሱ ብቻ እንዳይመስልህ፤ ልጁ ከቬትናም ቆስሎ የተመለሰው የቤዝቦሉ ጀግና ጃኪ ሮቢንሰን እንኳ ዓሊ የጥቁር ወታደሮችን ሞራል ይነካል ብሎ ወቅሶታል።

ሽማግሌው ሐሳቡን የለወጠው በአንድ ቀን አይደለም። ዓሊ ወደ ካናዳ አልሸሸም፤ አምስት ዓመት እስራትና 10,000 ዶላር መቀጮ ሲፈረድበት፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ሲቀማ፣ ፓስፖርቱን ሲነጠቅ እዚያው አገሩ ቆሞ ተቀበለ። በዋስ ተለቅቆ ይግባኙን ሲከታተል፣ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል፣ ማለትም እግሩ እጅግ ፈጣን በነበረበት ዕድሜ፣ ሪንግ ውስጥ አልገባም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 እ.ኤ.አ. 8 ለ 0 ነጻ ሲያወጣው ያ ዕድሜ አልተመለሰለትም። «እሺ ቢል ኖሮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ነበረው ቦክሰኛ እንደ ጆ ሉዊስ ጓንት አጥልቆ ወታደር ሲያዝናና ይከርም ነበር እንጂ ማን ጠመንጃ ያሸክመዋል?» ይላል ሽማግሌው። ይህን ነገር እኔ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ዘማች ታናሽ ወንድሙን እዚያው ያጣ ነው፤ እስከ ዛሬም ይቅር አላለም። ፕሬዚዳንት ቡሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ለዓሊ የነጻነት ሜዳሊያ ማጥለቃቸው ሲነሣበት «በእርሱ ቦታ የሄደው የማን ልጅ ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ለዚህ ጥያቄ እኔም መልስ የለኝም። ሦስተኛው ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ ዓሊ እጁ እየተንቀጠቀጠ የኦሊምፒኩን ችቦ ሲለኩስ ባየው ጊዜ አለቀስሁ ይላል፤ እንደ እኔ ግን ይህ ለበሽተኛ ማዘን እንጂ አሳብን መለወጥ አይደለም።

ወንድሜ፣ አንተ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሰህ ወደ ሰሜን ስትጫን እኔ በመተማ በኩል ሱዳን ገባሁ። ሽማግሌው ለዓሊ የማረለት ባለመሸሹ ነው። ባለፈው ሳምንት ግራ ጫማውን እያሰርሁለት ሳለ «አንተስ በአገርህ ዘምተሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ወንድሜ ዘምቷል» አልሁት። እርሱም ዝም ብሎ ጠበቀኝ፤ እኔ ግን ቀና ሳልል ቀኙን ማሰር ጀመርሁ።

መልስህን በናፍቆት እጠብቃለሁ።

ወንድምህ