ስለ ሰማያዊው ቀለም፣ ስለ መዘግየቱና ስለ አዲሱ ዋጋ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለእንቁጣጣሽ ከተጣለ ዕቃ እንድንሠራላችሁ ያዘዛችሁት የግድግዳ ሥራ የዘገየባችሁ፣ ደርሷችሁም በላዩ ያለውን ሐይቅ ግራጫ ሆኖ ያገኛችሁት፣ በዚያ ላይ የዋጋ ጭማሪ የተነገራችሁ ሁሉ ቅር እንደተሰኛችሁ አውቃለሁ። የደወላችሁትን ሰምቻለሁ፤ የጻፋችሁትንም አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ስለተጉላላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔያችን ግን የጸና ነው፤ ምክንያቱን ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ይህን ደብዳቤ ራሴ ጻፍኩ።

የበዛው ቅሬታ ስለ ሰማያዊው ነው። ለዓመታት የሠራናቸው ሐይቆችና ወንዞች፣ ሐረማያም አብያታም አቃቂም፣ ሰማያዊነታቸውን ያገኙት ከታሸገ ውኃ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱን በቀጫጭኑ እንቆርጠዋለን፣ ሙቀት እናስነካዋለን፤ ፕላስቲኩ ይሰበሰብና ይጠቀለላል፣ ከሩቅ ሲታይ ነፋስ የነካው ውኃ ይመስላል። አንድ ጠብታ ቀለም አልቀባንበትም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የውኃ ፋብሪካዎቹ ሰማያዊውን ጠርሙስ ትተው ቀለም ወደሌለው ዞረዋል። ማቅለሚያው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነበር፤ ቀለም ያለው ፕላስቲክም መልሶ ለመጠቀም ከነጩ የበለጠ ያስቸግራል። ለአገርም ለአካባቢም የሚበጅ እርምጃ ነውና ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። እኛ በመጋዘን ካጠራቀምነው እየቆጠብን ስንሠራ ቆየን፤ ዘንድሮ ክረምት ሲገባ የመጨረሻው ጆንያ አለቀ።

“አዲስ ሰማያዊ ፕላስቲክ መርካቶ ሞልቶ የለም ወይ?” ያላችሁን ብዙ ናችሁ። አዎ፣ ሞልቷል። አንድ የረጅም ጊዜ ደንበኛችን ለሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ትልቅ የሐይቅ ሥራ አዝዞ ነበር፤ ሰማያዊው ማለቁን ስነግረው ጥቅል ፕላስቲክ ራሱ ገዝቶ እንደሚያመጣልኝ ነገረኝ። ቅን ሰው ነው፤ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። አመስግኜ እምቢ አልኩ። ትዕዛዙን ሰረዘ። ያ ትዕዛዝ የክረምቱን ኪራይና የሠራተኞቻችንን ደመወዝ ይችል ነበር፤ ስለዚህ እምቢ ያልኩት ጠግቤ እንዳይመስላችሁ።

የእያንዳንዱን ሥራ ጀርባ ገልብጣችሁ ብታዩ “ከተጣለ ዕቃና ከተፈጥሮ የተሠራ” የሚል ጽሑፍ አለ። ገንዘብ የምትከፍሉን በዚያ ቃል ነው። ሐረማያ ለሐረር ከተማ ውኃ ሲያጠጣ የኖረ ሐይቅ ነበር፤ ውኃው ከልክ በላይ ተሳበ፣ ለመስኖ ተቀዳ፣ ደለል ሞላው፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለስ በመጀመሩ ደስ ብሎናል። የዚህን ሐይቅ ታሪክ ለመንገር ብዬ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ፕላስቲክ ከቆራረጥኩ፣ ቁርጥራጩን መልሼ የምጥለው እዚያው ወንዛችን ዳር ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በማንም ሳሎን ለመስቀል ሕሊናዬ አይፈቅድም።

ግራጫ ስለሆነባችሁ ሐይቅ ደግሞ ይህን ልበል። ሰማያዊው ሲያልቅ ነጩን ጠርሙስና የቆርኪን የውስጥ ፊት መጠቀም ጀመርን። የአብያታን ዳርቻ የረገጠ ሰው ውኃው ሸሽቶ የተወውን ነጣ ያለ ጨዋማ መሬት ያውቀዋል። ወደ ሐይቁ የሚፈሰው ውኃ ለእርሻ ሲጠለፍ፣ ከሐይቁም ለሶዳ አሽ፣ ለሳሙናና ለመስታወት መሥሪያ ለሚሆነው ጨው፣ ምርት ሲቀዳ ነው እንዲህ የሆነው። አብያታን በሰማያዊ ስንሠራው በነበረበት ጊዜ የድሮውን ሐይቅ እየሠራን ነበር፤ አሁን የምንሠራው የዛሬውን ነው። ይህ ሥራ ከቀድሞው አያንስም። በእኔ ዓይን እንዲያውም ይበልጣል፤ ይህን የምለው ዕቃ ለመሸጥ አይደለም፣ ሠርተን ስንጨርስ ሁላችንም ዝም ብለን አይተነዋልና ነው።

ስለ ቆርኪም ተመሳሳይ ጥያቄ መጥቷል፦ “ያልተከፈተ አዲስ ቆርኪ በካርቶን ይሸጣል፣ ለምን የተጣመመውን ትለጥፋላችሁ?” የአንድ ቆርኪ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሳይደራረብ ጎን ለጎን ቢደረደር አንድ ካሬ ሜትር 960 ገደማ ቆርኪ ይበላል፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ሲደራረብ ከዚያም ያልፋል። ሁሉም ይታጠባል፣ ከውስጡ ያለው ፕላስቲክ ይፈለፈላል፣ ይቀጠቀጣል፣ በቀለሙ ይለያል። አዲሱን ገዝተን ብንለጥፍ ግማሹ ድካም ይቀርልን ነበር። ግን የተከፈተ ቆርኪ ወገቡ ላይ የመክፈቻው ምልክት አለበት፤ አንዱ ሠርግ ላይ፣ አንዱ ለቅሶ ቤት፣ አንዱ በየሰፈሩ ግሮሰሪ የተከፈተ ነው። ያ እጥፋት ነው ብርሃኑን ወዲያና ወዲህ የሚሰብረው። አዲሱ ሲደረደር የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል፤ ሞክረን አይተነዋል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። መካከለኛው መጠን ከ7,000 ብር ወደ 10,500 ብር ከፍ ብሏል፤ 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ በውስጡ ነው። “ቆሻሻ ሰብስባችሁ በዚህ ዋጋ?” የሚል መልእክት የደረሰኝ ከአንድ ሰው ብቻ አይደለም። አልደብቃችሁም፣ አሞኛል።

ዕቃው ለጣለው ሰው ቆሻሻ ነው። ለሰበሰበችው ሴት ግን እንጀራዋ ነው። ጠርሙስና ቆርኪ ከሚያመጡልን መካከል ረጲ፣ ቆሼ የምንለው የቆሻሻ ክምር ላይ ሲለቅሙ የኖሩ አሉ። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ከሟቾቹ መካከል የሚያውቋቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እኛ የምንቀበለው ከየቤቱ፣ ከየሆቴሉና ከቆራሌው የተሰበሰበውን ብቻ ነው፤ ክምሩ ላይ ወጥቶ ለቀማን የሚያበረታታ ገንዘብ ከእጃችን እንዲወጣ አንፈልግም። የሰፈር ለሰፈር ለቀማ ደግሞ ይበልጥ ያደክማል፣ ስለዚህም የበለጠ እንከፍላለን። ነጩን ጠርሙስ በገፍ በኪሎ የሚገዙ ትልልቅ ተረካቢዎች ስለበዙ፣ ድሮ በነጻ ልንወስደው የምንችለውን ዛሬ ተጫርተን ነው የምናገኘው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከ100 ብር አልፏል። ኮላው፣ የብየዳ ዘንጉ፣ የሙቅ አየር ማሽኑ መለዋወጫ፣ ሁሉም ከውጭ ነው የሚመጣው። ኪራዩን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ እናንተም ተከራዮች ናችሁ፣ ወይም ነጋዴዎች ናችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ከሠራተኞቻችን አንድም ሰው አልቀነስንም። በዚህ ግን እኮራለሁ።

መዘግየቱ ሌላ ነው። የሥራዎቻችንን መደብ የምንሠራው ከአሮጌ ጋዜጣና ከእንሰት ቃጫ ነው፤ እንሰቱ ተፍቆ ለቆጮ የሚሆነው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጭረት። ቃጫው ይቆራረጣል፣ በአመድ ውኃ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ ከተዘፈዘፈው ጋዜጣ ጋር ተዋህዶ በወንፊት ላይ ይነጠፍና በፀሐይ ይደርቃል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ፀሐይ የለም። በእሳት ሙቀት ለማድረቅ ከተጣደፍን ወረቀቱ ይጠማዘዛል፤ እርጥብ ሆኖ ከወጣ እናንተው ግድግዳ ላይ ይሻግታል። የዳር ጌጡን የምንሰፋበት ስንደዶም የሚለቀመው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ ነው። እናንተ ስጦታውን የምትፈልጉት ከእንቁጣጣሽ በፊት፣ መሬት ስንደዶዋን የምትሰጠን ከእንቁጣጣሽ በኋላ። ስለዚህ ከእንግዲህ የዘመን መለወጫ ትዕዛዝ የምንቀበለው እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ለጥቅምት እንመዘግባለን። ዘመድ ስላላችሁበት፣ የቆየ ደንበኛ ስለሆናችሁ ብለን ተራ ልናስቀድም አንችልም። ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ብዙዎቻችሁ ቤተ ሰብ ሆናችኋልና።

አባቴ ምናለሽ ተራ ከባዶ ጣሳ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ እየሠራ ነው ያሳደገን። መቀሱንና መዶሻውን ዛሬም ወርክሾፓችን ውስጥ እንሠራባቸዋለን። የእርሱን ሥራ “ጥበብ” ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም፣ እርሱም አልጠየቀም። ዘመኑ ደግሞ ተለውጧል፤ አርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ከመርካቶ በሰበሰበው የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ቁርጥራጭ የሠራቸው ሥራዎች በታላላቅ የዓለም ሙዚየሞች ታይተዋል፤ እርሱና መስከረም አሰግድ ያቋቋሙት ዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ ተገንብቶ ልጆቻችን ይጎበኙታል። ጋናዊው ኤል አናትሱይ የመጠጥ ጠርሙስ ክዳን በመዳብ ሽቦ እያያያዘ ግድግዳ የሚያለብስ ሥራ ሠርቷል። እኛ ከእነርሱ ጋር ራሳችንን አናወዳድርም። ሳሎን ላይ የሚሰቀል፣ ሠራተኛ ሰው አጠራቅሞ የሚገዛው ሥራ ነው የምንሠራው፤ በዚያው እንቀጥላለን። ነገር ግን ዕቃው ተራ ስለሆነ እጁም ተራ ነው የሚል ካለ፣ መጥቶ አንድ ቀን አብሮን ይዋል። በራችን ክፍት ነው።

ትዕዛዛችሁ ያልደረሳችሁ ሦስት ምርጫ አላችሁ። ከፈለጋችሁ ቀብዱን ሙሉውን እንመልሳለን፤ ደረሰኝ ይዛችሁ መምጣት ይበቃል። ልትጠብቁን ፈቃደኛ ከሆናችሁ ሥራችሁ በቀድሞው ዋጋ ይጠናቀቃል፤ ጭማሪው ቀድመው ያዘዙትን አይመለከትም። ሐይቁን ትታችሁ በሌላ መቀየር ለምትፈልጉ ደግሞ ከቀይ አፈር፣ ከከሰልና ከዛፍ ሙጫ በምናዘጋጀው ቀለም የተሠሩ የዋርካና የጭላዳ ሥራዎች አሉን፤ ያለ ተጨማሪ ክፍያ መቀየር ይቻላል።

አንድ ልመና አለኝ። ዘይት የምትይዙበት፣ ከማጀት ጥግ የተረሳ፣ አሮጌ ሰማያዊ የውኃ ጠርሙስ በየቤታችሁ እንዳለ እገምታለሁ። እባካችሁ አትጣሉት፣ አምጡልን። ታጥቦ ቢመጣ መልካም፣ ባይታጠብም እኛ እናጥባለን። ባመጣችሁት መጠን ከሥራችሁ ዋጋ እንቀንሳለን፤ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች በጆንያ ካላችሁ መኪና እንልካለን። የምንቀበለው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የወርክሾፑ ባለቤት
አዲስ አበባ