ፓወሩ ቀለለ፣ ራኩ ግን አሁንም ወገብ ይቆርጣል

ሰላም ጤና ይስጥልን የጋዜጣው አዘጋጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። እኔ ደሴ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ከልጆቹ ጋር የራሳችንን ሳውንድ ይዘን ሰርግ እንሰራለን። ጋዜጣችሁ ላይ ስለ ሙዚቃ ሲፃፍ ስለ ዘፋኙ ነው፣ ስለ አልበሙ ነው፣ ካልሆነም ወሎ የአምባሰልና የባቲ አገር ነው ምናምን ነው፣ አልጠላሁም ደስ ይላል፣ ግን ያንን አምባሰል ድንኳን ውስጥ የሚያሰማውን ዕቃ ማን እንደሚሸከመው የፃፈ ሰው እስካሁን አላየሁም። ስለዚህ ስለ ራክ ልፃፍላችሁ፣ ማለቴ ፓወሩ (ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር)፣ የማይክ ሪሲቨሩ (የገመድ አልባውን ማይክ ድምፅ የሚቀበለው)፣ ኢፌክቱ (ድምፁ ላይ ኤኮ ምናምን የሚጨምረው) ተደርድሮ የሚታሰርበት ሳጥን፣ በተለይ ደግሞ ውስጡ ስለሚገባው ሼልፍ፣ ትንንሹ ዕቃ ስለሚቀመጥበት መደርደሪያ።

ድሮ ክብደቱ ዕቃው ጋ ነበር፣ የድሮ ፓወር ትራንስፎርመሩ ብቻውን ሰው ያስጎነብሳል። አሁን ስዊቺንግ የሚባለው መጥቶ በዛው ጉልበት በአንድ እጅ የሚነሳ ፓወር ተገኘ። ራኩ ግን እንደዛው ቀረ፣ ብየዳ ቤት ሄዳችሁ ራክ ስሩልኝ ካላችሁ የሚሰራላችሁ የውሃ ታንከር መቆሚያ ነው። ባለ 4 ሳንቲም አንጎላሬ፣ ያ በኤል ቅርፅ የታጠፈው ብረት፣ 4 ሚሊ ውፍረት ያለው ሜትሩ ወደ 2 ኪሎ ከ400 ይመዝናል፣ 60 ሳንቲም ቁመት ላለው ራክ ዙሪያውን ስትደምሩት 6 ሜትር ገደማ ይበላል፣ በቃ ባዶውን 14 ኪሎ ገባ ማለት ነው። ሼልፉ ደግሞ ከ2 ሚሊ ላሜራ 44 በ30 ተደርጎ ሲቆረጥ አንዱ ብቻ 2 ኪሎ፣ ሶስት ስታስገቡ 20 ኪሎ ብረት ይዛችሁ ነው ምንም የማትከብድ ሪሲቨር የምታጓጉዙት። ስትጠይቁ "አብሽር ወንድሜ፣ ሰው ቢቆምበት ንቅንቅ አይልም" ትባላላችሁ፣ እውነትም አይልም፣ ግን ማን ሊቆምበት ነው?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሐረጎ እየተጠማዘዙ መውረድ፣ ማታ መመለስ። ራኩ የሚኒባሱ ፖርቶመጋላ ላይ ሊወጣ ሲል ረዳቱ አንዴ ነቅነቅ አድርጎ ያየውና "ይሄማ ሞተር ነው" ብሎ ሂሳቡን ይቆልለዋል፣ ከስር ሆኖ የሚያቀብለው ልጅ ያልተሞረደው የአንጎላሬ ጫፍ መዳፉ ላይ ቀይ መስመር ያሰምርበታል፣ ማታ እንግዲህ በዛው እጅ ነው ጊታር የሚመታው።

ራክ ዝም ብሎ ሳጥን አይደለም፣ ልክ አለው። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው የአሜሪካ ስልክ ኩባንያ ለስልክ ማዕከሎቹ ያወጣው ልክ ነው ዞሮ ዞሮ የኛ ሰርግ ድንኳን የገባው። የዕቃው ፊት ከጆሮ እስከ ጆሮ (ጆሮ የምንለው በግራና በቀኝ ወጣ ብሎ ቡሎን የሚገባበትን ነው) 19 ኢንች ነው፣ 48.26 ሳንቲም። ቡሎን በሚታሰርባቸው በግራና በቀኝ ቋሚዎች መሀል ያለው ክፍት ከ45 ሳንቲም ማነስ የለበትም፣ ከግራው ቀዳዳ መሀል እስከ ቀኙ ቀዳዳ መሀል ደግሞ 46.5። ቁመቱ በዩ ነው የሚቆጠረው፣ 1 ዩ 4.445 ሳንቲም ነው፣ በየዩው ሶስት ሶስት ቀዳዳ አለ፣ ሶስቱ እርስ በርስ በ15.875 ሚሊ ይራራቃሉ፣ ወደሚቀጥለው ዩ ሲታለፍ ግን 12.7 ሚሊ ብቻ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ ባለሙያው በሜትር ለክቶ እኩል እኩል ይበሳዋል፣ የመጀመሪያው ዕቃ ይገባል፣ ከዛ በላይ ያለው ቡሎን እምቢ፣ ከዛ ቀዳዳው በትራፓኖ ይሰፋል፣ ከዛ በየጉድጓዱ መንገጫገጭ ነው።

የኔ ሀሳብ ብየዳ ቤቱን ለበር ተዉትና ራኩን አሉሚኒየም ቤት አሰሩት ነው። ብረት በሊትር 7.85 ኪሎ ሲመዝን አሉሚኒየም 2.7 ነው፣ ያው ሼልፍ በ2 ሚሊ አሉሚኒየም ቢሰራ ወደ 700 ግራም ይወርዳል። በተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ አሉሚኒየም አይሞከርም፣ ግን መስኮት የሚሰሩት ልጆች መች ይበይዳሉ፣ በሪቬትና በቡሎን ነው የሚያያይዙት፣ ለኛም የሚበቃን እሱ ነው። ላሜራ ሲሳሳ ይረግባል ለምትሉ ደግሞ አሸንዳ የሚሰራውን ሰው እዩት፣ ያ ስስ ቆርቆሮ ዝናቡን ይዞ የሚቆመው ስለታጠፈ ነው። የሼልፉን ጠርዝ ዙሪያውን 2 ሳንቲም ወደ ታች እጠፉት፣ 1.5 ሚሊም ብታደርጉት ትንንሽ ሚክሰርና ሪሲቨር ይችላል። መሀሉን ብሱት፣ ክብደትም ይቀንሳል አየርም ያገኛል። ሳጥኑን በ9 ሚሊ ፕላይውድ ብትሰሩትና የፊቱን ቋሚዎች ብቻ አሉሚኒየም ብታደርጉ ያ 20 ኪሎ የነበረው ከነሶስት ሼልፉ ወደ 8 ኪሎ ይመጣል። ቺፑድ ግን እንዳታስቡት፣ ይከብዳል፣ ቡሎን አይዝም፣ የደሴ ክረምት ደግሞ ያሳብጠዋል።

አሉሚኒየም ውድ ነው የሚል ይኖራል፣ በኪሎ አዎ ውድ ነው፣ ግን የምትገዙት ኪሎ ሲሶ ነው፣ መስኮት ቤት ደግሞ ቁርጥራጭ አይጠፋም፣ 50 ሳንቲም አንግል ለመስኮት አይሆንም ለኛ ግን ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ፣ የድሮ ባለ ትራንስፎርመር ፓወር ያለው ሰው በፊት ጆሮው ብቻ እንዳያንጠለጥለው፣ ከታች ያስቀምጠው ኋላውንም ያስደግፈው፣ ቡሎኑ ስርም ስፕሪንግ ሮንዴላ ይግባ፣ የሐረጎ መንገድ ያላላል።

ኮምቦልቻ እኮ የኢንዱስትሪ ከተማ ናት፣ ፓርኩ ከ2009 ጀምሮ አለ፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም እዛው ነው። ከዛ የሚፈለገው ብዙ አይደለም፣ በጥሩ ማሽን በትክክል የተበሳ አንድ ብረት፣ ፎርማ፣ ወርክሾፖቹ ቋሚው ላይ እያሰሩ የሚበሱበት፣ ለተማሪ የአንድ ከሰዓት ስራ ነው። ልካቸውን ከላይ ስለፃፍኩት እባካችሁ ቁጥሮቹን ሳትቀይሩ አውጡልኝ። ሰርቶ የሚሸጥ ከተገኘ ከጥር በፊት የመጀመሪያውን እኔ አዛለሁ፣ ባለ 8 ዩ፣ ሁለት ሼልፍ፣ እጀታው ግራና ቀኝ።

አንባቢያችሁ፣ ኪቦርድ ተጫዋች
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ